ለዘውድ የታመኑ፣ እርስ በርስ ያልተማመኑ፦ የሰሜን አየርላንድ ሎያሊስት መሪዎች ታሪክ

ታማኝነት በሰው ልጆች ዘንድ ከሚመሰገኑት ጠባዮች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ የታሪክ ተመልካች ቃሉን እንደ ተነገረ ከመቀበሉ በፊት ጥያቄ ማቅረብ ይገባዋል። ይኸውም፦ ታማኝነቱ ለማን ነው? በምን ይገለጣል? ሁለት ታማኝነቶች በተጋጩ ጊዜስ የሚያሸንፈው የትኛው ነው? የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የሰሜን አየርላንድ የቅርብ ዘመን ታሪክ ሰፊ መልስ ይሰጣል። በዚያ አገር ሎያሊስት፣ ማለትም ለብሪታንያ ዘውድ ታማኝ ተብለው የሚጠሩ የታጠቁ ድርጅቶች ከ1966 ጀምሮ ለአርባ ዓመታት ያህል መሣሪያ አንሥተው ቆይተዋል። ለዘውዱ ቆመናል እያሉ የዘውዱን ሕግ ጣሱ፤ ጠላትን ለመመከት ተሰባስበን ነው እያሉም ደጋግመው እርስ በርሳቸው ተገዳደሉ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የእነዚህን ድርጅቶች መሪዎች ፉክክርና ታማኝነት፣ ምክንያቱንና ውጤቱን ነው። የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አየርላንድ በሙሉ በብሪታንያ መንግሥት ሥር ነበረች። አብዛኛው ሕዝቧ ካቶሊክ ሲሆን፣ በሰሜን በኩል በምትገኘው በአልስተር ግን ከአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከስኮትላንድና ከእንግሊዝ መጥተው የሰፈሩ የፕሮቴስታንቶች ዘሮች በብዛት ይኖሩ ነበር። የለንደን መንግሥት ለአየርላንድ የውስጥ አስተዳደር ነጻነት ለመስጠት ባሰበ ጊዜ፣ እነዚህ ፕሮቴስታንቶች በካቶሊኮች ብዛት ተውጠን እንቀራለን ብለው ፈሩ። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1912 ወንዶቹ በቃል ኪዳን ሰነድ፣ ሴቶቹ በተጓዳኝ መግለጫ ላይ ፈረሙ፤ የፈራሚዎቹም ቁጥር ከ470,000 በላይ ሆነ። በ1913 የአልስተር ፈቃደኛ ጦር ተቋቋመ። በኤፕሪል 1914 ይህ ጦር ከጀርመን የተገዙ ብዙ ሺህ ጠመንጃዎችን በላርን ወደብ በኩል በድብቅ አስገባ።

ነገሩ በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነው። ለንጉሡ ታማኝ ነን የሚሉ ሰዎች የንጉሡን መንግሥት ውሳኔ በጠመንጃ ለመቃወም ተሰናዱ። በእነሱ አስተሳሰብ ታማኝነት ማለት ውል ነው፤ ዘውዱ ሲጠብቀን እንታመናለን፣ ሲተወን ግን ራሳችንን እንጠብቃለን የሚል ነው። ብዙም ሳይቆይ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ ያው ጦር ሠላሳ ስድስተኛው የአልስተር ክፍለ ጦር ሆኖ ተሰለፈ፤ በጁላይ 1916ም በሶም ጦርነት ከባድ እልቂት ደረሰበት። ከዚያ በኋላ የጦሩ ስም በአልስተር ፕሮቴስታንቶች ዘንድ የተቀደሰ ስም ሆነ። በ1921 ስድስቱ የሰሜን አውራጃዎች ተከፍለው በብሪታንያ ሥር ሲቀሩ፣ የቀረው የአየርላንድ ክፍል ብዙም ሳይቆይ የራሱን መንግሥት አቆመ።

ስም የወረሰው ጦር

በ1960ዎቹ አጋማሽ የሰሜን አየርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴረንስ ኦኒል ከደብሊን መንግሥትና ከካቶሊኩ ሕዝብ ጋር የነበረውን ግንኙነት ለማሻሻል ሲሞክር፣ በቤልፋስት ከተማ በሻንኪል ጎዳና አካባቢ የሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ክህደት ተፈጸመ ብለው ተነሡ። እነዚህ ሰዎች በ1966 የቀድሞውን የአልስተር ፈቃደኛ ጦር ስም ለራሳቸው ወሰዱ። ከመካከላቸው እየታወቀ የመጣው ጋስቲ ስፔንስ የሚባለው የቀድሞ የብሪታንያ ወታደር ነበር። በጁን 1966 በማልቨርን መንገድ አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ካቶሊክ የመጠጥ ቤት አስተናጋጅ ተገደለ። ስፔንስ በዚህ ወንጀል የዕድሜ ልክ እሥራት ተፈረደበት፤ እሱ ግን ገዳዩ እኔ አይደለሁም ማለቱን አልተወም። መንግሥትም ድርጅቱን ሕገ ወጥ አደረገው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ፉክክር ይታያል። ስሙን የወረሱት ሰዎች የቀደመውን ክብር እንጂ የቀደመውን የሕዝብ ድጋፍ አልወረሱም። በ1913 የነበረው ጦር በመኳንንት፣ በጠበቆችና በነጋዴዎች ይመራ ነበር፤ በ1966 የተነሣው ግን የድሆች ሠፈር ልጆች ጭፍራ ነበር። ከዚያ በኋላ በሎያሊስቱ ወገን ከፍተኛ ንግግር የሚያደርጉት የፓርላማ ሰዎች፣ ወህኒ የሚወርዱት ደግሞ የሠፈር ልጆች ሆኑ። የታጠቁት መሪዎች በፖለቲከኞቹ ላይ ያደረባቸው ቅሬታ ለአርባ ዓመታት ሳይበርድ የኖረው ከዚህ የተነሣ ነው።

የሠፈሮች ማኅበር

በ1969 ብጥብጡ ሲበረታ በየሠፈሩ የፕሮቴስታንት ጥበቃ ጓዶች ተቋቋሙ። በሴፕቴምበር 1971 እነዚህ ጓዶች ተባብረው የአልስተር መከላከያ ማኅበር ተባሉ። ማኅበሩ በ1972 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባሎች ነበሩት፤ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች በከተማው መካከል በሰልፍ ሲያልፉ ይታዩ ነበር። ግድያ በሚፈጽምበት ጊዜ የአልስተር ነጻነት ተዋጊዎች በሚል ሌላ ስም ይጠቀም ስለ ነበር፣ ማኅበሩ ራሱ እስከ ኦገስት 1992 ድረስ በሕግ ሳይታገድ ቆየ።

የሁለቱ ድርጅቶች አወቃቀር ልዩ ልዩ ነበር፤ በኋላ የመጣውም ጠብ ሁሉ ከዚህ ልዩነት ጋር የተያያዘ ነው። የአልስተር ፈቃደኛ ጦር በቁጥር አነስተኛ ሆኖ ከሻንኪል በሚወጣ አንድ ትእዛዝ ለመመራት ይሞክር ነበር። የአልስተር መከላከያ ማኅበር ግን የሠፈሮች ስብስብ ነበር። በየአካባቢው አንድ ብርጋዴር ይሾማል፤ ብርጋዴሮቹም የውስጥ ምክር ቤት በሚባል ጉባኤ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ብርጋዴር በገዛ ሠፈሩ እንደ ባለ ጉልት ነበር፤ ገንዘቡን ራሱ ይሰበስባል፣ ሰዎቹን ራሱ ይቀጣል፣ ሊቀ መንበሩንም የሚታዘዘው ሲስማማው ነው። የአባሉም ታማኝነት በመጀመሪያ ለመንገዱ፣ ቀጥሎ ለብርጋዴሩ፣ ከዚያ ለማኅበሩ ነበር፤ ዘውዱ የሚታወሰው በመጨረሻ ነው።

የማኅበሩ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር የምዕራብ ቤልፋስቱ ቻርልስ ሃርዲንግ ስሚዝ ነበር። በ1972 በለንደን የጦር መሣሪያ ለመግዛት ሞክሯል ተብሎ ታሠረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በነጻ ተለቀቀ። ሲመለስ ግን ቦታው እንደ ነበረ አልጠበቀውም። በምሥራቅ ቤልፋስት ቶሚ ሄረን ተጠናክሮ ነበር። ሁለቱ ሰዎች አንዱ ለሌላው ስለማይንበረከክ፣ በ1973 አንዲ ታይሪ የተባለው ሦስተኛ ሰው እንደ አስታራቂ ሊቀ መንበር ሆኖ ተመረጠ። በሴፕቴምበር 1973 ሄረን ተገድሎ ሬሳው ከከተማው ውጪ ተገኘ፤ ብዙዎችም የገደሉት የገዛ ወገኖቹ ናቸው ብለው አመኑ። ሃርዲንግ ስሚዝ የምዕራብ ቤልፋስትን ክፍል ከማኅበሩ ለመለየት ቢሞክርም በ1975 መጀመሪያ ላይ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ በጥይት ተመታ። ከሞት ተርፎ ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ ፉክክሩም በዚህ አበቃ።

የታይሪ ዘመንና የድል መዘዝ

ታይሪ ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል በሊቀ መንበርነት ቆየ። የማኅበሩ ኃይል ከሁሉ ይልቅ የታየው በሜይ 1974 ነው። የብሪታንያ መንግሥት ፕሮቴስታንቶችና ካቶሊኮች ሥልጣን የሚጋሩበት አስተዳደር ከማቋቋሙም በላይ፣ ከደብሊን ጋር የሚያገናኝ ምክር ቤት እንዲኖር በ1973 መጨረሻ በሳኒንግዴል ተስማምቶ ነበር። የፕሮቴስታንት ሠራተኞች ይህን በመቃወም ለአሥራ አራት ቀን ሥራ አቆሙ። የኤሌክትሪክ ኃይል ቀነሰ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ታጣቂዎቹም ሕዝቡን በማስፈራራት አድማውን አጠናከሩት። በሜይ 28 አስተዳደሩ ፈረሰ።

ይህ ድል ግን ለታጠቁት መሪዎች ምንም አላፈራም። ጥቅሙን የወሰዱት ፖለቲከኞቹ ነበሩ። በዚያው ዓመት የአልስተር ፈቃደኛ ጦር ከሕገ ወጥነት ስለ ተለቀቀ፣ አንዳንድ መሪዎቹ የራሳቸውን ፓርቲ አቋቁመው በምርጫ ቀረቡ፤ ሆኖም የገዛ ሠፈራቸው ሕዝብ እንኳ ድምፁን ነፈጋቸው። ሕዝቡ በአደጋ ጊዜ ጠባቂ ይሁኑን እንጂ በሰላም ጊዜ አስተዳዳሪ ይሁኑን አላለም። ሽንፈቱ በድርጅቱ ውስጥ የመነጋገርን መንገድ የመረጡትን አዳክሞ፣ ግድያን የመረጡትን አበረታ። በ1975 የሁለቱ ድርጅቶች ሰዎች እርስ በርስ ተገዳደሉ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የአልስተር ፈቃደኛ ጦር ባንድ ቀን ብዙ ሰዎች ስለ ገደለ እንደገና ታገደ፤ አመራሩም ተለወጠ።

በዚሁ ጊዜ በሻንኪል ሌኒ መርፊ የሚባል ሰው የሚመራው ቡድን ካቶሊኮችን ከመንገድ እያፈነ በካራ የሚያርድ ሆነ። ከቡድኑ አሥራ አንድ ሰዎች በ1979 በአሥራ ዘጠኝ ግድያዎች ተፈረደባቸው። መርፊ ራሱ በሌላ ጥፋት ታሥሮ ከወጣ በኋላ በኖቬምበር 1982 በአይሪሽ ሪፐብሊካን ጦር ሰዎች ተገደለ። የት እንደሚገኝ ለጠላት የጠቆሙት ከሎያሊስቱ ወገን ናቸው የሚለው ወሬ በሰፊው ታመነ።

ጥርጣሬው ከሁሉ ይልቅ ያረፈው በጄምስ ፕራት ክሬግ ላይ ነበር። ክሬግ ለአልስተር መከላከያ ማኅበር ከሕንጻ ሥራ ተቋራጮችና ከነጋዴዎች በማስፈራራት ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። ከተሰበሰበው ስንቱ ለድርጅቱ፣ ስንቱ ለግሉ እንደ ዋለ የሚያውቅ አልነበረም። ከጠላት ወገን ቀማኞች ጋር ክልል ተካፍሏል ተብሎም ይወራበት ነበር። በአንጻሩ የማኅበሩ ምክትል መሪ ጆን ማክማይክል፣ እጁ ከግድያ የጸዳ ባይሆንም፣ በ1987 ሁለቱ ሕዝቦች በሥልጣን የሚጋሩበትን ሐሳብ የያዘ ሰነድ አወጣ፤ የክሬግንም የገንዘብ አሰባሰብ መመርመር ጀመረ። በዲሴምበር 1987 በመኪናው ሥር የተጠመደ የአይሪሽ ሪፐብሊካን ጦር ቦምብ ገደለው። በማርች 1988 በታይሪ መኪና ሥር ደግሞ ሌላ ቦምብ ተገኘ፤ ያጠመዱት የገዛ ባልደረቦቹ ናቸው ተብሎ ስለ ታመነ ታይሪ ሥልጣኑን ለቀቀ። በኦክቶበር 1988 ክሬግን የገዛ ድርጅቱ ታጣቂዎች በመጠጥ ቤት ውስጥ ገደሉት። ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አንድ መሪ በጠላት እጅ ሞተ፣ ሌላው ተባረረ፣ ሦስተኛው በወገኑ ተገደለ።

ከዚህም ሌላ ጠቋሚ የሚባለው ፍርሃት ነበር። የማኅበሩ የመረጃ ኃላፊ ብራያን ኔልሰን ለብሪታንያ ጦር ሠራዊት በምስጢር የሚሠራ ሰው መሆኑ ተጋልጦ በ1992 ተፈረደበት። ለዘውዱ ታማኝ ነን የሚሉ ሰዎች የዘውዱን ወኪል በመካከላቸው ሲያገኙ ከሃዲ ብለው መጥራታቸው፣ የታማኝነታቸው ውል ምን ያህል የተወሳሰበ እንደ ነበረ ያስረዳል። በምርመራው የቀድሞዎቹ መሪዎች ስለ ታሠሩ ቦታቸውን ወጣቶችና ይበልጥ ጨካኞች ያዙት።

ከወህኒ ቤት የመጣ ሐሳብ

ስፔንስ በሎንግ ኬሽ እሥር ቤት የድርጅቱን እሥረኞች በወታደራዊ ሥነ ሥርዓት ይመራ ነበር፤ ነገር ግን ሥርዓቱን ካስያዛቸው በኋላ ለምን እዚህ መጣችሁ? ብሎ ይጠይቃቸው ጀመር። ግድያ መፍትሔ እንደማይሆንና ከካቶሊኮች ጋር መነጋገር እንደሚገባ ያስተምር ነበር። በ1978 ከእሥረኞቹ አዛዥነት ለቀቀ፤ በ1984 ከእሥር ወጣ። ከተማሪዎቹ አንዱ በ1974 ቦምብ በመኪና ይዞ የተያዘው ዴቪድ ኤርቪን ሲሆን፣ በኋላ የተራማጅ ዩኒየኒስት ፓርቲ ዋና ቃል አቀባይ ለመሆን በቅቷል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በ1991 የታጠቁት ድርጅቶች የታማኞች ጥምር ወታደራዊ እዝ የሚባል አንድ አካል አቋቋሙ። ኦክቶበር 13 ቀን 1994 በዚህ እዝ ስም ተኩስ ማቆሙን ያወጀው ስፔንስ ነበር፤ በመግለጫውም ለንጹሐን ሰለባዎች ቤተሰቦች ጸጸት ተገልጧል። በ1966 የመጀመሪያው የታወቀ እሥረኛ የነበረው ሰው ማብቂያውን ለማወጅ መመረጡ ያለ ምክንያት አልነበረም። ፈሪ ነው ሊሉት የማይችሉት ሰው ብቻ ነበር ተኩስ አቁሙ ለማለት የሚችለው።

የፖርታዳውን መለየት

ሆኖም ከቤልፋስት የወጣ ትእዛዝ በገጠር ከተሞች እንደ ትእዛዝ አልተቆጠረም። በፖርታዳውን የአልስተር ፈቃደኛ ጦር አዛዥ የነበረው ቢሊ ራይት የሻንኪል መሪዎች ለስልሰዋል ብሎ አመነ። በጁላይ 1996 በድራምክሪ የሰልፍ መንገድ ጉዳይ ብጥብጥ ሲነሣ አንድ ካቶሊክ የታክሲ ነጂ ተገደለ። በኦገስት የድርጅቱ አመራር የፖርታዳውንን ክፍል አፈረሰው፤ ጥምር እዙም ራይት አገር ለቅቆ እንዲወጣ፣ ካልወጣም እንደሚሞት አስጠነቀቀው። ራይት እምቢ አለ፤ በደጋፊዎቹ ፊት በአደባባይ ታይቶ የታማኞች ፈቃደኛ ጦር የሚባል ቡድን መሠረተ። በ1997 ታሠረ፤ ዲሴምበር 27 ቀን 1997 በዚያው በሎንግ ኬሽ፣ በኋላ ሜዝ በተባለው እሥር ቤት፣ የአይሪሽ ብሔራዊ ነጻ አውጪ ጦር እሥረኞች ገደሉት። ጥምር እዙ ግን ከዚያ አስቀድሞ በጥቅምት ወር ፈርሶ ነበር።

ኤፕሪል 10 ቀን 1998 የስቅለት ዓርብ ስምምነት ተፈረመ። በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ ለአልስተር ፈቃደኛ ጦር ቅርብ የነበረው የኤርቪን ፓርቲ ሁለት መቀመጫ አገኘ። በማክማይክል ልጅ በጋሪ የሚመራውና ለአልስተር መከላከያ ማኅበር ቅርብ የነበረው ፓርቲ ግን አንድም አላገኘም። የዚህ ልዩነት ውጤት ከባድ ሆነ። አንደኛው ድርጅት የሚናገርለት ሰው በምክር ቤት ሲኖረው፣ ሁለተኛው ከስምምነቱ የሚያተርፈው ነገር አልታይ አለው። አባሎቹም ከፓርቲው ይልቅ ወደየብርጋዴሮቻቸው ተመለሱ።

ሻንኪል ለሁለት ሲከፈል

ከብርጋዴሮቹ መካከል ስሙ የገነነው የታችኛው ሻንኪል አዛዥ ጆኒ አዴር ነበር። በ1995 ሽብርን በመምራት ወንጀል የአሥራ ስድስት ዓመት እሥራት ተፈርዶበት፣ በስምምነቱ መሠረት በ1999 ተፈታ። አዴር በአንድ ሠፈር ሥልጣን አልረካም፤ የራይት ተከታዮች ከነበሩት ጋር ወዳጅነት ፈጠረ። ኦገስት 19 ቀን 2000 ባዘጋጀው ሰልፍ ላይ የታማኞች ፈቃደኛ ጦር ሰንደቅ በአልስተር ፈቃደኛ ጦር ሰዎች መሰብሰቢያ መጠጥ ቤት ፊት ተዘረጋ። ጠቡ በዚያው ፈነዳ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ቤተሰቦችም ቤታቸውን ጥለው ወጡ። የተሰደዱት ፕሮቴስታንቶች፣ ያሰደዷቸውም ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል የአልስተር ታማኝነት እምብርት ሲባል የኖረው ጎዳና የላይኛውና የታችኛው ተብሎ ተከፈለ።

በሴፕቴምበር 2002 የውስጥ ምክር ቤቱ አዴርን ከማኅበሩ አባረረ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 የደቡብ ምሥራቅ አንትሪም ብርጋዴር ጆን ግሬግ ከስኮትላንድ የእግር ኳስ ጨዋታ አይቶ ሲመለስ በቤልፋስት ወደብ አጠገብ ተገደለ። ግሬግ በ1984 የሺን ፌይንን መሪ ጄሪ አዳምስን በጥይት ካቆሰሉት አንዱ ስለ ነበር በወገኑ ዘንድ ትልቅ ስም ነበረው። ከጥቂት ቀን በኋላ የማኅበሩ ሰዎች ወደ ታችኛው ሻንኪል ገቡ፤ አዴር ተመልሶ ታሥሮ ስለ ነበር፣ ቤተሰቡና ደጋፊዎቹ በሌሊት ወደ ስኮትላንድ ሸሹ። በ2005 ከምሥራቅ ቤልፋስት ብርጋዴርነት የተሻረው ጂም ግሬይ ተገደለ፤ በዚያው ዓመት በአልስተር ፈቃደኛ ጦርና በራይት ተከታዮች መካከል የተነሣው ጠብ አራት ሰው አጠፋ።

ከዚህ በኋላ ነው ድካሙ የተሰማው። በሜይ 2007 ስፔንስ ለሁለተኛ ጊዜ ቀርቦ የአልስተር ፈቃደኛ ጦር የትጥቅ ዘመቻ ማብቃቱን አነበበ። በኖቬምበር የመከላከያ ማኅበሩ ተከተለ። የመጀመሪያው በ2009፣ ሁለተኛው በ2010 መሣሪያቸው ከአገልግሎት ውጪ መሆኑ ተገለጠ። ስፔንስ በ2011 ሞተ።

የታሪኩ ፍርድ

በዚያ ብጥብጥ ከሞቱት ከ3,500 በላይ ሰዎች መካከል አንድ ሺህ ያህሉን የገደሉት ሎያሊስት ድርጅቶች ሲሆኑ፣ ከሟቾቹ የሚበዙት በምንም ትግል ያልነበሩበት ካቶሊክ ሲቪሎች ነበሩ። የመሪዎቹን ጠብ የሚመረምር ሁሉ ይህን ቁጥር መርሳት አይገባውም፤ ከጠበኞቹ የሚበልጠው ተጎጂ እሱ ነውና።

ከጠባቸው ግን አንድ ነገር ማስተዋል ይቻላል። መሪዎቹ እርስ በርስ የተለያዩት በዓላማ አልነበረም፤ የብሪታንያ ሆኖ መኖርን ሁሉም ይሻሉ። የተለያዩት በሠፈር፣ በገንዘብ፣ በክብርና ማን ያዛል በሚለው ነገር ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ እነሱ ግን ሕግን ከሚያወጣው ዘውድና ሕግን ከሚያፈርሰው ጠመንጃ ጋር በአንድነት ለመቆም ሞከሩ። ዳኛ በሌለበት ደግሞ ከሃዲው ማን እንደሆነ የሚወስነው ቀድሞ የተኮሰው ሰው ሆነ። ሃርዲንግ ስሚዝ፣ ክሬግ፣ ራይትና አዴር እያንዳንዳቸው በተራቸው ታማኝ ነበሩ፤ በተራቸውም ከሃዲ ተባሉ። በሠፈሩ ውስጥ ለሰላም የሠሩት እነ ስፔንስና ኤርቪን የተለዩበት ምክንያት ከሌሎቹ ይልቅ ንጹሕ ስለ ነበሩ አይደለም። ታማኝነታቸውን ከመሪ ወደ ሕዝብ፣ ከትናንት ሙታን ወደ ነገ ልጆች ለማዞር በመድፈራቸው ነው። ይህን ለማድረግ ግን ከሃዲ የሚለውን ስም ለመሸከም መዘጋጀት ነበረባቸው፤ ተሸክመውትም ኖረዋል።